አፍንጫው ላይ የሚቆም ሰው

አፍንጫው ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቆመው። ወንዛችን ከባሕሩ በሚገናኝበት በደቡቡ በኩል ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ደረጃ እየወረደ ይሄድና መጨረሻው ላይ ቀጠን ብሎ ውሃው ውስጥ ይገባል። እሱን ነው አፍንጫው የምንለው። ከጀርባው ለሦስት ሰው የሚበቃ ጠፍጣፋ ቦታ አለ፤ ግን እዚያ የቆመ ሰው የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን በወረወረ ቁጥር የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው። አፍንጫው ላይ ከቆመ ሰው ፊት ማንም የለም። ውሃ ብቻ። እኔ ይህን ነገር ከሚገባው በላይ አስበው ነበር። ቀለም በምሸጥበት መደብር ቆሜ ደንበኛ ፈዛዛ ሰማያዊ ስጠኝ ሲለኝ፣ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ከአፍንጫው የሚታየው ባሕር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሆነን እንወርድ ነበር። ፊት የሚቆሙት አጎቴ ሞጋ ነበሩ፤ ሙሉ ስማቸው ሞጋምበሪ፣ ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት፣ ከስኳር ፋብሪካው በጡረታ የወጡ። አጎቴ የምላቸው ተዛምደን ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚላቸው ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ፑባላን፤ የሸንኮራ መኪና ሾፌር፣ አንገቱ እንደ ወይፈን የደነደነ። ከእሱ ቀጥሎ የሚስቱ ወንድም ሴልቫን፤ ፑባላን ሳይስቅ የማይስቅ፣ ፑባላን ከሳቀ በኋላ ደግሞ የማያቆም። መጨረሻው እኔ ነበርኩ። ስሜ ታቫኔሰን ነው። እነሱ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩና ከቦርሳዬ መጽሐፍ ስለማይጠፋ ፕሮፌሰር ይሉኛል። ለክብሬ ብለው አይደለም።

ደንብ ነበረን። ጋሪክ የምንለው ዓሣ ብርዱ ሲገባ፣ በሰኔ፣ ሰርዲኑን እየተከተለ ወደ ዳርቻው ይመጣል። ረጅም ነው፣ ጎኑ እንደ ብር ያበራል፣ ሲይዙት ክንድ ያላቅቃል። አፍንጫው ላይ የሚቆም ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም የመጨረሻዋ ቅዳሜ ድረስ ቢያንስ አንድ ጋሪክ ድንጋዩ ላይ አውጥቶ በእጁ መንካት አለበት። ካልሆነለት ይወርዳል። የሚወርደው ከኋላችን ለመቆም አይደለም፤ ከድንጋዩ ጭራሽ ወርዶ አሸዋው ላይ ነው። እዚያ ጡረተኞች አሉ። ማዕበሉ ሲመለስ አሸዋ ውስጥ የሚቀበሩትን፣ የባሕር ቅማል የምንላቸውን ጥቃቅን ሸርጣኖች እየለቀሙ በእነሱ ትንንሽ ዓሣ ያጠምዳሉ። የለቀቀው ቦታ ደግሞ በዚያ ወቅት ከሁሉ የከበደውን ጋሪክ ለያዘው ይሰጣል።

ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው አጎቴ ሞጋ ናቸው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በዚሁ ደንብ የፑባላንን አባት ከአፍንጫው አውርደው ቦታውን ያዙ። የፑባላን አባት እስኪሞት ድረስ ቅማል ሲለቅም ኖረ። ፑባላን ነገሩን በዓመት አንድ ጊዜ፣ እየሳቀ ያነሳዋል።

ባለፈው ወቅት ከሁሉ የከበደውን ጋሪክ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል፣ በነሐሴ፣ ያለ ምንም ብልሃት። አጎቴ ሞጋ ምንም አልያዙም።

ለምን እንዳልያዙ ከእሳቸው ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚያጠምዱት በድሮው የእንጨት መዘውር ነው። የእኛ መዘውሮች ፍሬን አላቸው፤ ዓሣው ሲጎትት በልክ ይለቁለታል። የእሳቸው ግን ክር የተጠቀለለበት የእንጨት ጎማ ነው፤ ፍሬኑ የሰውየው መዳፍ ነው። ክሩን በሁለት ጣት መሀል ያሳልፉታል፤ ታች ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ጣታቸው ነው። ዓሣ ከሆነ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል። ሌላ ነገር ከሆነ ዝም ብሎ ይከብዳል። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቋጠሮም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሰባት ዙር ተጠምዝዞ መጨረሻው ላይ አንዴ ወደ ኋላ የሚመለስ፣ ከአባታቸው የወረሱት ቋጠሮ። ለፑባላንና ለሴልቫን አላሳዩአቸውም። "እነዚህ የጫማቸውን ክር እንኳ በቅጡ አያስሩ" ብለው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳሁላቸው። ኩባያው ቆርቆሮ ስለሆነ እኔ በሹራቤ እጅጌ ይዤ ነው ያቀበልኳቸው። እሳቸው በባዶ እጃቸው ተቀብለው ስለ ሟች ሚስታቸው ስለ ካናጋ ያወሩኝ ጀመር፤ ሻይ ስታፈላ ዝንጅብል እንዴት እንደምታበዛ። ጣታቸው ቀላ። አሁንም ያወራሉ። ኩባያውን ማየቴን ሲያዩ ቀስ ብለው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

"ስኳሩ ነው፣ ታምቢ" አሉኝ። ታናሽ ወንድሜ እንደማለት ነው፤ ከድሮም የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው። "ከአምና ጀምሮ ጣቶቼ የሉም። ስታያቸው አሉ፣ ግን የሉም።"

"ሐኪም ጋ ሄዱ?"

"ስኳር አትብላ አለኝ። አርባ ዓመት ስኳር ሳፈላ የኖርኩትን ሰውዬ።" ሳቅ አሉ። "ለእነዚያ እንዳትነግር።"

"አልነግርም፣ አጎቴ።"

በዚያው ቀን፣ በፑባላን መኪና ወደ ቤት ስንመለስ ለሁለቱ ነገርኳቸው። አጎቴ ሞጋን ቤታቸው በር ላይ ካወረድናቸው በኋላ ፑባላንና ሴልቫን እኔ ላይ ማሾፍ ያዙ። ሴልቫን መጽሐፌን ከቦርሳዬ አውጥቶ በሴት ድምፅ ያነበዋል፤ ፑባላን መሪውን እየደበደበ ይስቃል። ወደ ሌላ ሰው እንዲዞሩልኝ ፈለግኩ። በእጄ የነበረው ነገር ያ ብቻ ነበር።

"አጎቴ ሞጋ እኮ ጣታቸው አይሰማቸውም" አልኩ።

ሴልቫን ማንበቡን አቆመ። ፑባላን በመስታወቱ አየኝ።

"ታቫ፣ እስቲ ንገረኝ" አለ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። የኩባያውንም፣ የስኳሩንም፣ እንዳትነግር ማለታቸውንም፣ ሁሉን ነገርኩት።

መስከረም አጋማሽ ላይ የጾማችን ወር ፑርታሲ ይገባል። ሥጋም ዓሣም ከቤት ይወጣል፤ ድስቱ ሁሉ ተፈግፍጎ ይታጠባል። እኛ ሦስታችን ግን ከቤት ውጭ አንጾምም ነበር። አጎቴ ሞጋ በዚያ ወር ዘንግ ነክተው አያውቁም፤ ካናጋ በጸሎት መብራቷ ፊት አስምላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሪካቸውን እስከ ነሐሴ ይይዙና መስከረምን ቤታቸው ቁጭ ብለው ባቄላ ይበሉ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የወቅቱ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ በመኪና በራቸው ስንደርስ፣ የእንጨት መዘውራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ቆመው ጠበቁን።

"ጾሙስ፣ አጎቴ ሞጋ?" አላቸው ፑባላን። ፑባላን ሰው ሲያዋርድ አፉ ከወትሮው የበለጠ ትሁት ይሆናል። "ሚስትዎ ከላይ ሆነው ቢያዩዎት ምን ይላሉ?"

"አልገድለውም። አወጣዋለሁ፣ እነካዋለሁ፣ እለቀዋለሁ። መውጊያ ሜንጦ እንኳ አልያዝኩም። ደም አይፈስም።"

"ሳይይዙት ይቅርታ እየጠየቁት ነዋ" አለ ፑባላን። ሴልቫን ሳቀ። እኔም ከኋላ ወንበር ሳቅኩ።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ውሃው መውጣት ጀምሮ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዙ ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ ይወጣል፤ በአፍንጫው ሥር ሲያልፍ ቡናማ ሆኖ፣ ቆሞ የሚያየውን ሰው ያዞራል። ማባበያ የሚሆኑንን ትንንሽ ዓሣዎች በሕይወት እንዳሉ ያመጣሁት በእኔ ባልዲ ነበር፤ ከመደብሩ ያገኘሁት የሃያ ሊትር ነጭ የቀለም ባልዲ። አጎቴ ሞጋ አንዱን ዓሣ መንጠቆው ላይ ሰክተው ወረወሩ። እስከ ሦስት ሰዓት ምንም አልመጣም። ስኳር ያለበት ሰው ሽንት ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል፤ ዘንጋቸውን ድንጋዩ ላይ በተተከለው ቱቦ ሰክተው ወደ ላይ፣ ከቁጥቋጦው ኋላ ሄዱ።

"ባልዲህን አምጣ፣ ፕሮፌሰር" አለኝ ፑባላን።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ተነጋግረንበታል። "ክፉ ነገር አይደለም" ብሎኝ ነበር ፑባላን፤ "ምርመራ ነው። ጣት ያለው ሰው ባልዲና ዓሣ አይምታታበትም። ካልተምታታባቸው እኔ ራሴ ጫማቸውን እስማለሁ።"

ሴልቫን የአጎቴ ሞጋን ክር ሰብስቦ መንጠቆውን ፈታ። ዓሣዎቹን በድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ገለበጥኳቸው።

"እሰረው" አለኝ ፑባላን። "ያንተ ቋጠሮ አይፈታም።"

የክሩን ጫፍ የባልዲው እጀታ ላይ አሰርኩት። ሌላ ቋጠሮ ብፈልግ ይገኝ ነበር፤ እጄ ግን የለመደውን አሰረ። ሰባት ዙር፣ አንድ ወደ ኋላ። ፑባላን ባልዲውን አንስቶ በሚወጣው ውሃ ጅረት መሀል ጣለው። ትንሽ ተንሳፈፈ፣ አፉን ከፈተ፣ ሞላ፣ ሰጠመ። ከዚያ የእንጨቱ መዘውር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር።

አጎቴ ሞጋ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ሮጡ። በእርጥብ ድንጋይ ላይ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ዘንጉን ከቱቦው ነቅለው መዳፋቸውን መዘውሩ ላይ አሳረፉ፤ ዘንጉ ጎበጠ።

"መጣ" አሉ በዝግታ። "መጣልኝ።"

"ትልቅ ነው፣ አጎቴ ሞጋ?" አለ ፑባላን።

"ከአሥራ አምስት አያንስም።"

"ጭንቅላቱን ይወዘውዛል?"

ክሩ በሁለቱ ጣቶቻቸው መሀል ነበር። "ይወዘውዛል" አሉ።

ሴልቫን ፎጣውን ነከሰ። እኔ ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

አርባ ደቂቃ ታገሉት። ባልዲው ጅረቱ ሲይዘው ይሄዳል፣ ማዕበል ሲገፋው ይመለሳል፤ እሳቸው ሲሄድ ይለቃሉ፣ ሲመለስ ይጠቀልላሉ። የመዳፋቸው ቆዳ ተላጠ፤ መዘውሩ እንጨት ላይ ደም አየሁ፣ እሳቸው ግን አላዩትም፣ አልተሰማቸውምም። በመሀል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ስል ሰማሁት። "እለቀዋለሁ፣ ካናጋ። አንዴ ብቻ ልንካው። እለቀዋለሁ።" ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ ላባቸው በአፍንጫቸው እየወረደ፣ "ልጆች፣ ጓደኞቼ ናችሁ እኮ" አሉ። ለምን እንዳሉት አላውቅም። ደስታ ነው መሰለኝ።

ድንጋዩ ሥር ነጭ ነገር ብልጭ አለ።

"ሆዱ ነው" አሉ አጎቴ ሞጋ። "ሆዱ ነው የሚታየው።"

ቀጣዩ ማዕበል ሲያነሳው የቀለሙ ስም የተጻፈበት ባልዲ፣ ግማሽ ድረስ አሸዋ ሞልቶ፣ ድንጋዩ ላይ ተጋደመ።

ሴልቫን ሳቁን ለቀቀው። ተንበርክኮ፣ ከዚያ በጀርባው ተንጋሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንዲያውም ከሴልቫን ይልቅ ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ፑባላን ብቻ አልሳቀም። ካፕ ኮፍያው ላይ ሰክቶት የነበረውን መንጠቆ አውልቆ ወደ አጎቴ ሞጋ ተጠጋ።

"እጅዎን ይስጡኝ እስቲ፣ አጎቴ።"

ሰጡት። ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው እጃቸውን ዘረጉ። ፑባላን እጃቸውን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት ያዘው።

"ባሕር ባሕሩን ይዩ። ስነካዎት ይንገሩኝ።"

ባሕሩን አዩ። ፑባላን የመንጠቆውን ጫፍ ሌባ ጣታቸው ላይ ተጫነ። ደም ነጠብ አለ። ወደ መሀል ጣታቸው ሄደ። ከዚያ ወደ አውራ ጣታቸው።

"ነካሁዎት?"

"ገና ነህ" አሉ አጎቴ ሞጋ፣ ዓይናቸው ውሃው ላይ እንዳለ።

"አዎ፣ ገና ነኝ" አለ ፑባላን። እጃቸውን ገልብጦ ሦስቱን የደም ነጠብጣብ አሳያቸው። "አባቴም ሲወርድ እንደዚህ ባሕር ባሕሩን እያየ ነበር። እኔ ያኔ አሸዋው ላይ ቆሜ አያለሁ።"

አጎቴ ሞጋ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። "አባትህ ክር ላይ ባልዲ አላሰርኩም" አሉ።

"እርስዎማ ጨዋ ነዎት።"

"ደንቡ ፀሐይዋ ከሸንኮራው ጀርባ እስክትገባ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ገና ነው።"

ቁጭ ብለው ባልዲውን ጭናቸው መሀል አድርገው ቋጠሮውን መፍታት ያዙ። ብዙ ቆዩ። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ገለባብጠው አዩት። ጣታቸው እምቢ ብሏቸው መሰለኝ።

"ልቁረጥልዎት፣ አጎቴ?" አልኩ።

"ተወው፣ ታምቢ። ልየው።"

በመጨረሻ በጥርሳቸው ፈቱት። አዲስ መንጠቆ አስረው፣ ከጉድጓዱ ውሃ አንድ ዓሣ ወስደው፣ እንደገና ወረወሩ።

እኩለ ቀን ላይ ሴልቫን መሀሉ ተቦርቡሮ ወጥ የተሞላበት ዳቦ ከሱቁ ይዞልን መጣ፤ ለእኛ የበግ፣ ለአጎቴ ሞጋ የባቄላ። ፑባላን የበጉን ቁራጭ አንስቶ አፍንጫቸው ሥር አዞረው።

"ቃሉን እንደሆነ አፍርሰውታል፤ ምላስዎ ምን አጠፋ?"

አጎቴ ሞጋ ባቄላውን አፍንጫው ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው በሉ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሴልቫን ባልዲውን እያነሳ ከኋላቸው ድንጋዩን ያንኳኳበታል። አንዴ ባንኳኳ ቁጥር ትከሻቸው ይሰበሰባል፤ ዞረው ባልዲው የት እንዳለ ያያሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ደከማቸው። ዘንጉን ቱቦው ውስጥ እንደሰኩ፣ ግንባራቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሴልቫን ማንኳኳቱ ሰለቸውና ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት፤ ነፋሱ በርዶት ስለነበር ከወገቡ በታች በትልቅ ፎጣ ተጠቀለለ። ባልዲው ከፎጣው ሥር ገብቶ አይታይም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው እንደገና መውጣት ጀምሮ ነበር። ፀሐይዋ ከሸንኮራው በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርታለች። መዘውሩ ጮኸ። ቀጭ ቀጭ አይደለም፤ ሳያቋርጥ ጮኸ።

አጎቴ ሞጋ ባንነው ተነሱ። እጃቸው ወደ ዘንጉ ከመሄዱ በፊት ወደ ኋላ ዞሩ። እኔን አዩ፤ ቆሜያለሁ። ፑባላንን አዩ፤ ሲጋራውን ይዞ ቆሟል። ሴልቫንን አዩ፤ ተቀምጧል። ዓይናቸው ድንጋዩን ሁሉ አሰሰ። ባልዲው የለም።

ዘንጉን አነሱ። መዳፋቸውን መዘውሩ ላይ አደረጉ፤ ዘንጉ እስከ ወገቡ ጎበጠ። ጣታቸውን ክሩ ላይ አድርገው ቆዩ። እንደገና ወደ ኋላ አዩ። ጠዋት የነበረው ዓይነት ደስታ ፊታቸው ላይ ሊመጣ ሲል ራሳቸው ሲመልሱት አየሁ።

"ታምቢ፣ ና" አሉኝ።

ሄድኩ። አፍንጫው ሁለት ሰው አይችልም፤ ደረቴን ጀርባቸው ላይ ለጥፌ ነው የቆምኩት። ከፊቴ ማንም አልነበረም። ውሃው ከቡናማ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ እኔ ስም ወዳልሰጠሁት ቀለም ይሄዳል።

"ያዘው። ያንተ ጣት ያውቃል። ዓሣ ነው ወይስ ባልዲ?"

ሁለት ጣቴን ክሩ ላይ አሳረፍኩ። መጠየቅም አያስፈልገውም ነበር። ታች ያለው ነገር ጭንቅላቱን ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ይወዘውዛል፤ ክሩ እየተንቀጠቀጠ እስከ ክርኔ ይደርሳል። የእኔን አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ሁለት የሚያደርግ ዓሣ ነበር። ወደ ፑባላን ዞርኩ። ባልዲው የት እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ እሱም ዓሣ መሆኑን ያውቃል። ምንም ምልክት አልሰጠኝም። ሲጋራውን አፉ ላይ አድርጎ ብቻ አየኝ።

ዓሣ ነው ብል ለሌላ ዓመት ይቆማሉ። ከዚያም ለሌላ። ይህን አሰብኩ። ሌላ ነገር አሰብኩ ብል ውሸት ነው።

"ባልዲ ነው፣ አጎቴ" አልኩ።

"እየሮጠ ነው እኮ።"

"ውሃው እየወጣ ነው። ጅረቱ ነው የሚጎትተው።"

አንገታቸውን አዙረው በጣም ከቅርብ አዩኝ። ትንፋሻቸው ባቄላ ባቄላ ይላል። "እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅኩህ፣ ታምቢ።"

"ባልዲ ነው።"

ከቀበቷቸው ቢላዋቸውን መዘዙና ክሩን ቆረጡት። ዘንጉ ቀጥ አለ።

ከነጩ አረፋ ወዲያ፣ ሰማንያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጋሪኩ ዘለለ። ሙሉ አካሉ ከውሃ ወጣ፤ ጎኑን ለፀሐይዋ ሰጥቶ፣ የተቆረጠው ክር ከአፉ ተንጠልጥሎ። ወደቀ። እንደገና ዘለለ። ሴልቫን በደንብ ለማየት ብድግ ሲል ባልዲው ከፎጣው ሥር ተገልብጦ ድንጋዩን እያንኳኳ ተንከባለለና እግራችን ሥር ቆመ።

ማንም አልሳቀም።

አጎቴ ሞጋ የቀረውን ክር በእርጋታ ጠቀለሉ። መዘውሩን ከዘንጉ ፈትተው በፎጣ ጠቀለሉት። ከአፍንጫው ሲወርዱ እንዳያዳልጣቸው ትከሻዬን ያዙ፤ ጠፍጣፋው ላይ ሲደርሱ ለቀቁኝ።

"ቋጠሮህ ጥሩ ነበር" አሉኝ።

"የቱ ቋጠሮ?"

"ባልዲው ላይ ያሰርከው። ሰባት ዙር። መመለሻውንም አልረሳኸውም።"

ፑባላን በመኪና እናድርስዎት አላቸው፤ ከልቡ ነበር። አልፈለጉም። በባቡር ሐዲዱ በኩል፣ ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እየተራመዱ ሄዱ። ፀሐይዋ ከሸንኮራው ጀርባ ገባች።

ፑባላን ሲጋራውን ድንጋዩ ላይ አጠፋው። "ሠላሳ አንድ ዓመት ጠልቻቸዋለሁ" አለ። "ግን እኔ ብሆን ዓሣ ነው እላቸው ነበር።" ከዚያ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። "እንኳን ደስ አለህ፣ ፕሮፌሰር። ቦታው ያንተ ነው።"

በቀጣዩ ሰኔ ሰርዲኑ መጣ፤ ጋሪኩም ተከተለው። አፍንጫው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ባሕሩ እንዳሰብኩት ነው፤ ማንም አይጋርደውም። አጎቴ ሞጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። አሸዋው ላይ ናቸው፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ማዕበሉ ሲመለስ ይጎነበሳሉ። ሌሎቹ ጡረተኞች ቅማሉን በእግር ጣታቸው ፈልገው ያገኙታል። እሳቸው የእግራቸውም ጣት ስለማይሰማቸው በዓይናቸው ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ ጥቂት ነው የሚያገኙት። የሚያጠራቅሙበት ባልዲ የእኔ ነው። ያን ቀን ትቼው የሄድኩትን መልሰው አንስተውት ነው።

"አጎቴ ሞጋ" ይላቸዋል ሴልቫን ከላይ ሆኖ፣ "ባልዲው ዛሬስ ጭንቅላቱን ይወዘውዛል?"

እጃቸውን ብድግ ያደርጉለታል፤ ሰላምታ ይመስላል። ወደ እኔ አያዩም።

ባለፈው ቅዳሜ ውሃው ሲወጣ ክሬ ተጎተተ። ከባድ ነበር። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ጣቴ ጤነኛ ነው፣ ይሰማኛል፤ ዓሣ መሆኑን ነገረኝ። ቢሆንም መጀመሪያ ያደረግኩት ወደ ኋላ ዞሬ ማየት ነበር። ፑባላን ቆሟል። ሴልቫን ፎጣውን ለብሶ ተቀምጧል። በምን ላይ እንደተቀመጠ አይታይም።

"ምን ያያል ይሄ?" አለ ሴልቫን።

ፊቴን ወደ ባሕሩ ስመልስ ክሩ ላልቶ ነበር።